ከፎርማት በፊት፦ ቪዲዮው ለምን ቀጥ ብሎ ይቆማል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በትምህርትና ዕቃ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)




የዛሬው ርእሳችን ለጠቅላላ ጉባኤ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የአዳራሻችን ላፕቶፕ ዊንዶውሱ ከተቀየረ በኋላ ቪዲዮ ሲከፈትበት ለምን ስታክ ያደርግ እንደነበረና እንዴት እንደተስተካከለ ልንነግራችሁ ነው የቆምነው። ከመካከላችሁ «ይህ የልጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገባናል። በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የማኅበራችን ትምህርት ነው።

ፊደል ያልቆጠሩ አባሎቻችን የቁጠባ ደብተር አያያዝን የተማሩት ከቪዲዮ ነው። የሳሙና አሠራሩ፣ የሕፃናት ምግብ አዘገጃጀቱ፣ የጥጥ ፈትሉ ትምህርት ሁሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ዛሬ በሕይወት የሌሉት እናታችን ቀጭን ፈትል እንዴት እንደሚወጣ በእጃቸው እያሳዩ ያስተማሩትም እዚያው አለ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያ ትምህርት የተቀረፀበት ስልክ ዛሬ የለም። የቀረው ላፕቶፑ ላይ ያለው ብቻ ነበር። ስለዚህ ላፕቶፑ ሲታመም የታመመው ዕቃ ብቻ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፓችን ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን ያሟላል። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል አለው። የቁጠባ መዝገባችን በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ስለሚያዝ የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግንም። በዚህ ምክንያት ወደ ዊንዶውስ 11 ተሸጋገረ።

ከዚያ በኋላ ባለው የመጀመሪያ የትምህርት ቀን ቪዲዮው ተከፈተ፤ ጥቂት ደቂቃ ሄደ፤ ከዚያም ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁ ግን ይቀጥላል። አስተማሪዋ ትናገራለች፤ እጇ አየር ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ ዘግተን ስንከፍት እንደገና ትንሽ ሄዶ እንደገና ይቆማል። አንዳንዴ ማጫወቻው ራሱ አልዘጋም ብሎ ድርቅ ይላል።

አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። ጥቂት ካየው በኋላ «ፎርማት ይደረግ፤ ካልሆነም አዲስ ግዙ» አለ። ለባለሙያው ይህ የለመደው መልስ ነው። ፎርማት ማድረግ ለእሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለእኛ ግን በውስጡ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ነው፤ አዲስ ይገዛ ከተባለም ከቁጠባ ሣጥናችን ሊወጣ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? የፈሰሰ እህል ተለቅሞ ይሰበሰባል። የጠፋ ቅጂ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ኮሚቴያችን «መጀመሪያ እንጠይቅ» አለ።

ከምንም በፊት ያደረግነው ቅጂ ማውጣት ነው። ማጫወቻው ቪዲዮውን ባያጫውተውም ፋይሉ ራሱ ደኅና ሊሆን ይችላል። ኮፒ ለማድረግ ማጫወት አያስፈልግም። ሁሉንም ትምህርቶች በአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ዋና ዋናዎቹን ደግሞ በሌላ ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ሃርድ ዲስኩ በጸሐፊዋ ቁም ሣጥን፣ ፍላሹ ከአዳራሹ ውጭ በገንዘብ ያዥዋ ቤት ተቀመጠ። ሁለቱ በአንድ ቤት አይቀመጡም። እሳትም ሌባም አንድ ቤት ነው የሚገባው። የእናታችን ትምህርት በሁለት ቦታ መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ነው ልባችን ያረፈው። እናንተም ቤታችሁ ያለ ኮምፒውተር ሲታመም ከማንኛውም ሙከራ በፊት ይህን አድርጉ። ቅጂ ያላት ሴት ባለሙያውን ሳትፈራ ታነጋግራለች።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ቪዲዮ ማለት ብዙ ፎቶግራፍ በፍጥነት ተከታትሎ የሚታይ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 30 ፎቶ ያልፋል። ፉል ኤችዲ የሚባለው ጥራት ያለው አንዱ ፎቶ ብቻ ወርዱ 1,920፣ ቁመቱ 1,080 ነጥብ ነው። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይሆናል። ይህ ሁሉ እንዳለ ቢቀመጥ ፍላሽም ሃርድ ዲስክም አይችለውም። ስለዚህ ቪዲዮ ሲቀመጥ ተጨምቆ፣ ተጠቅልሎ ነው። እንዝርት ላይ እንደተጠቀለለ ፈትል ቁጠሩት። ማጫወቻው ሥራው ይህን ጥቅል እየፈታ፣ ሳያቋርጥና ሳይበጥስ ለስክሪኑ ማድረስ ነው።

ጥቅሉን የሚፈታው ማን ነው? ሁለት እጅ አለ። አንደኛው የኮምፒውተሩ ዋና አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ነው። ሁለተኛው ለምስል ሥራ የተሠራው የግራፊክስ ክፍል ነው። የግራፊክስ ክፍሉ ይህን ሥራ ሲሠራ ፈጥኖ፣ ባትሪ ቆጥቦ፣ ኮምፒውተሩን ሳያግል ነው። ስለዚህ ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 3.0 እትሙ ጀምሮ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ሥራውን ለግራፊክስ ክፍሉ ያስተላልፋል።

ይሁን እንጂ ማጫወቻውና የግራፊክስ ክፍሉ በቀጥታ አይነጋገሩም። በመካከላቸው አስተርጓሚ አለ። ይህ አስተርጓሚ ድራይቨር ይባላል። ዊንዶውስ ሲቀየር የቤቱ ሕግና አነጋገር ይለወጣል። አስተርጓሚው ግን ከድሮው ቤት ተሻግሮ የመጣ፣ የድሮውን አነጋገር ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ዊንዶውስ የድሮውን አሰናብቶ በምትኩ ለሁሉም የሚሆን፣ ለማንም የማይበቃ አስተርጓሚ ያስቀምጣል። ሁለቱም ሲያጋጥም ማጫወቻው «ቀጣዩን ፎቶ ስጠኝ» ይላል፤ መልስ አይመጣም። ማጫወቻው ይጠብቃል፤ እኛም እንጠብቃለን። ስታክ ማለት ይኸው ነው።

ድምፁ ለምን ቀጠለ? ድምፅ የሚሄደው በሌላ መንገድ ስለሆነ ነው። የራሱ መሣሪያና የራሱ ድራይቨር አለው። ለዚህ ነው ምልክቱን በደንብ ማየት ግማሽ መድኃኒት ነው የምንለው። ምስሉ ቆሞ ድምፁ ከቀጠለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የምስሉ መንገድ ነው። ምስልም ድምፅም አብረው ከቆሙ ፋይሉን ወይም ፋይሉ ያለበትን ፍላሽ ጠርጥሩ። ማውዙ እንኳ አልንቀሳቀስ ካለ ችግሩ ከማጫወቻው በላይ ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ ሥራውን በቅደም ተከተል ያዝነው። አንድ ደንብ አወጣን፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየራል፤ የተቀየረውም በደብተር ይጻፋል። ወጥ የጎረበጣት ሴት ጨውም በርበሬም ሽንኩርትም አንድ ላይ ብትጨምር የጎደለው የቱ እንደነበረ አታውቅም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ነክተን ቢድን መድኃኒቱን አናውቅም፤ ቢብስበትም የጎዳውን አናውቅም።

አሁን እርምጃዎቹን አንድ በአንድ እንናገራለን። ደብተር የያዛችሁ ጻፉ።

አንደኛ፦ ኮምፒውተሩን ኃይል ላይ ሰክታችሁ ጊዜ ስጡት። ዊንዶውስ በተቀየረ ሰሞን ከጀርባ ብዙ ሥራ ይሠራል። ፋይሎችን ይመዘግባል፣ ቀሪ ማሻሻያዎችን ያወርዳል። በዚያ ሰዓት ቪዲዮ ቢንቀራፈፍ አይገርምም። አንድ ቀን አሳልፉና ሪስታርት አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አብራችሁ ብትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። እዚያ ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ ላይ መሆኑን ካሳየ ገና አልጨረሰም ማለት ነው። የእኛው ላፕቶፕ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ቪዲዮው ግን መቆሙን አልተወም።

ሁለተኛ፦ ችግሩ የፋይሉ ነው ወይስ የማጫወቻው? ያንኑ ቪዲዮ በስልክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። እዚያም በዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ፋይሉ ተበላሽቷል። እዚያ ደኅና ከሄደ ፋይሉ ነፃ ነው። ቀጥሎ በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ሌላ ቪዲዮ ክፈቱ። ቪዲዮውን ከፍላሽ የምታጫውቱ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጡትና ከዚያ ክፈቱ። ያረጀ ፍላሽ ቀስ እያለ ስለሚያነብ ማጫወቻውን ያስጠብቀዋል። በእኛ በኩል ፋይሎቹ ስልክ ላይ ደኅና ሄዱ። ላፕቶፑ ላይ ግን ሁሉም ቆሙ።

ሦስተኛ፦ ማጫወቻውን አዘምኑ። ቪኤልሲን ከፍታችሁ ሄልፕ በሚለው ሥር ቼክ ፎር አፕዴትስ የሚለውን ተጫኑ። ከድሮው ዊንዶውስ ጋር የመጣ የድሮ እትም ከሆነ አዲሱን ማስገባት ብቻውን ሊፈውስ ይችላል። አዲሱን ስታወርዱ ቪዲዮላን ከሚባለው ከራሱ ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ ይሁን። በስሙ የሚነግዱ፣ ሌላ ጣጣ አብረው የሚጭኑ ስላሉ ነው። ቪኤልሲ በነፃ ይሰጣል። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ባለቤቱ አይደለም።

አራተኛ፦ የድሮውን ማስተካከያ አጥፉለት። ማጫወቻው ቀድሞ የተደረጉለትን ምርጫዎች ይዞ ስለሚሻገር ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር የማይስማማ ምርጫ ሊኖርበት ይችላል። ኮንትሮልና ፒን አብራችሁ ስትጫኑ ፕሪፈረንስስ የሚለው ገጽ ይከፈታል። ከታች ሪሴት ፕሪፈረንስስ የሚል አለ። እሱን ተጫኑና ቪኤልሲን ዘግታችሁ ክፈቱ። ይህ ቪዲዮዎቻችሁን አይነካም፤ የማጫወቻውን ምርጫዎች ብቻ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። እኛ ሦስተኛውንና አራተኛውን አደረግን፤ የቆመው ቆመ።

አምስተኛ፦ የግራፊክስ ክፍሉን ለጊዜው ከሥራው አሳርፉት። በዚያው በፕሪፈረንስስ ገጽ ኢንፑት/ኮዴክስ በሚለው ሥር ሃርድዌር አክሰለሬትድ ዲኮዲንግ የሚል መስመር አለ። እዚያ ኦቶማቲክ የሚለውን ወደ ዲሴብል ቀይሩ፤ ሴቭ በሉ፤ ቪኤልሲን ዘግታችሁ ክፈቱ። ይህን ስታደርጉ ጥቅሉን የሚፈታው ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሆናል። ፎቶውን ወደ ስክሪኑ ለማሳየት ድራይቨሩ አሁንም ያስፈልጋል፤ የመፍታቱ ሥራ ግን በእሱ በኩል አያልፍም።

እኛ ያገኘነው እዚህ ላይ ነው። ዲሴብል ካደረግን በኋላ ቪዲዮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄደ። አንዲት ታላቅ እናታችን «እንግዲህ የቆመችው እጅ ወረደች» ብለው ሳቁ። ግን ሥራው አላለቀም። ይህ እርምጃ በሽታው የት እንዳለ ነገረን እንጂ በሽታውን አልነቀለውም። ፕሮሰሰሩ ሲደክም የላፕቶፑ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ፤ ባትሪውም ቶሎ ወረደ። መብራት በሄደ ቀን በባትሪ ለምንማር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ወደ አስተርጓሚው ሄድን።

ስድስተኛ፦ ድራይቨሩን እዩ። የስታርት ምልክት ላይ በማውዙ ቀኝ ስትጫኑ ዲቫይስ ማናጀር የሚል ታገኛላችሁ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጉት። እዚያ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚል ብቻ ካያችሁ ትክክለኛው ድራይቨር ጨርሶ የለም ማለት ነው። ስሙ ትክክል ከሆነ ደግሞ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ድራይቨር በሚለው ሥር ቀኑን ተመልከቱ። የእኛው ስሙ ትክክል ነበር፤ ቀኑ ግን ከዊንዶውስ 11 መውጣት በፊት ነበር። ዊንዶውስ 11 የወጣው መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። አስተርጓሚያችን ከዚያ በፊት የተጻፈ፣ ከድሮው ቤት ተሻግሮ የመጣ ነበር።

አዲስ ድራይቨር በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ በዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ኦፕሽናል አፕዴትስ በሚለው ነው። ሌላው ላፕቶፑን የሠራው ድርጅት ለደንበኞቹ ካዘጋጀው ገጽ ነው። ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር አስገብታችሁ ለዊንዶውስ 11 የሚለውን ታወርዳላችሁ። «ድራይቨር በአንድ ጊዜ አድሳለሁ» እያሉ በማስታወቂያ የሚመጡ ፕሮግራሞችን ግን አታስገቡ። እኛ በሁለተኛው መንገድ አገኘን፤ ጫንን፤ ሪስታርት አደረግን። ከዚያ ወደ ቪኤልሲ ተመልሰን ዲሴብል ያልነውን እንደገና ኦቶማቲክ አደረግነው። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አያይዘን ሁለት ሰዓት ሙሉ አጫወትን። አልቆመም። ማራገቢያውም ዝም አለ።

አዲሱን ድራይቨር ካስገቡ በኋላ የባሰ ቢመጣስ? በዚያው በድራይቨር ገጽ ሮል ባክ ድራይቨር የሚል አለ፤ የቀድሞው ተቀምጦ ከሆነ ወደ እሱ ይመልሳል። አዲስ ድራይቨር ካልተገኘም በቪኤልሲ ፕሪፈረንስስ ቪዲዮ በሚለው ሥር አውትፑት የሚለውን ወደ ኦፕን ጂኤል ወይም ወደ ዳይሬክት ስሪዲ 9 ቀይራችሁ ሞክሩ። ፎቶው ወደ ስክሪኑ የሚደርስበትን በር መለወጥ ማለት ነው። ለብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ይህ ይበቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። በትምህርት መካከል ምስሉ ከቆመ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የሚሉትን አራት ቁልፎች አብራችሁ ተጫኑ። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆር ብሎ ይመለሳል። የግራፊክሱ ድራይቨር እንደገና ተነሣ ማለት ነው፤ የተከፈተ ሥራ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ምስሉ መሄድ ከጀመረ ጥርጣሬያችሁ በድራይቨሩ ላይ ይሁን።

እህቶቻችን፣ ስታክ ያደረገ ሁሉ በዚህ መንገድ ይድናል አንልም። በዘመኑ ስልክ የተቀረፀ ቪዲዮ በድሮ ኮምፒውተር ላይ ሲቆም ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብዙ ስልክና ኮምፒውተር የለመደው የአጨማመቅ ዘዴ ኤች 264 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 265፣ በሌላ ስሙ ኤችኢቪሲ፣ ቦታ ይቆጥባል፤ ሲፈታ ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮው ተከፍቶ ሳለ ኮንትሮልና ጄን ስትጫኑ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። ኤችኢቪሲ ከሆነና ኮምፒውተራችሁ ካልቻለው ሚዲያ በሚለው ሥር ኮንቨርት/ሴቭ ብላችሁ ኤች 264 የሚለውን መርጣችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ማታ ትታችሁት ብትተኙ ጠዋት ይደርሳል። አይፎን ያላቸው ልጆቻችሁ ደግሞ ለማኅበሩ ሲቀርፁ በካሜራ ማስተካከያው ፎርማትስ በሚለው ሥር ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን ይምረጡ። ያን ጊዜ ከመጀመሪያውም የምንችለው ሆኖ ይመጣል።

ፋይል ሲገለበጥ እንኳ የሚቆም፣ የሚንኳኳ ድምፅ የሚያሰማ ሃርድ ዲስክ ካለ ግን ሙከራውን ተዉት። ዕቃው ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቅጂውን ማውጣት ካልጨረሳችሁ ዝጉትና ባለሙያ ጥሩ። እኛ የምንለው ባለሙያ አያስፈልግም አይደለም። ባለሙያ ሲመጣ የምንነግረው ይኑረን ነው። «ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቀጥላል፤ ፋይሉ ስልክ ላይ ደኅና ነው፤ ሃርድዌር ዲኮዲንግ ሲጠፋ ይሠራል» ብላ የምትነግረው ሴት ፊት «ፎርማት ይደረግ» ማለት ቀላል አይሆንም።

ወደ ድሮው ዊንዶውስ መመለስስ አይሻልም ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ዊንዶውስ 11 ከተጫነ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ በሚለው ሥር ጎ ባክ የሚል መመለሻ አለ። ሰነዶቻችንን አይነካም፤ ከሽግግሩ በኋላ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ግን ያስወግዳል። እኛ ይህን ያልመረጥነው የቁጠባ መዝገባችንን ድጋፉ ወዳበቃ ቤት መመለስ ስላልፈለግን ነው። ለቪዲዮ ብለን የገንዘባችንን በር ክፍት አንተውም። ሁለቱንም ማዳን የሚቻል ከሆነ ሁለቱንም እናድናለን።

ስለ ቪኤልሲ አንድ ቃል ብንናገር ደስ ይለናል። ይህ ብርቱካንማና ነጭ የመንገድ ምልክት ያለበት ማጫወቻ የአንድ ነጋዴ ሥራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤኮል ሳንትራል ፓሪስ ይባል በነበረው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለው በሕግ ነፃ ተለቀቀ። ዛሬም ያለ ትርፍ የሚሠራ ማኅበር ይዞታል፤ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞችም ይሠሩበታል። ደቦ የወጣ ሰው ያረሰውን ማሳ ማየት ማለት ነው። እኛ በዕድርና በደቦ ያደግን ሰዎች ይህን ዕቃ ስንጠቀም እንደ ባዕድ ዕቃ ልንፈራው አይገባም።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር በአክብሮት እንላለን። ላፕቶፑንና ፕሮጀክተሩን ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሲበላሽ ግን ቀላሉ መንገድ እንደገና ወደ እናንተ መምጣት ነበር። ያ ልማድ ሆኖ ቢቀር በየጥቂቱ ዓመት አዲስ ዕቃ ትሰጡናላችሁ፤ እኛም በየጥቂቱ ዓመት አሮጌ ዕቃ እንጥላለን። ከዕቃው ጋር ዕቃውን የሚያውቅ እጅ ብታግዙን ስጦታችሁ ይረዝማል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከአዲስ ላፕቶፕ ይረክሳል። አንዲት አባል ለጥቂት ቀናት የምትሠለጥንበት ወጪም እንዲሁ። በሪፖርታችን ላይ «ስንት ዕቃ ተገዛ» ከሚለው ጎን «ስንት ዕቃ ተጠግኖ ሥራ ላይ ዋለ» የሚል መስመር እንዲገባ እንጠይቃለን።

ለአባሎቻችን ደግሞ ኮሚቴው ያሰበውን ሦስት ነገር እናቀርባለን፤ ጉባኤው ይወያይበት። አንደኛ፣ የትምህርት ቪዲዮ ሁሉ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይኑር፤ አንዱ ከአዳራሹ ውጭ። ሁለተኛ፣ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፍበት። መጻፍ ያልቻለች ትናገር፤ የቻለች ትጻፍላት። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ ትልቅ ሽግግር ሲጠይቅ ከትምህርት ቀን በፊት ሳይሆን ትምህርት ባበቃ ማግስት ይደረግ፤ ከዚያ በፊት ቅጂ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ በ10 ቀኑ ውስጥ ሁሉም ትምህርት ተከፍቶ ይፈተሽ። ያን ያደረግን እንደሆነ መመለሻው በር ሳይዘጋ እናውቃለን።

ከሁሉ በላይ ማውዙን የሚይዝ እጅ ይብዛ። ይህን ጥገና ያደረግነው ሦስት ሴቶች ነን። ከሦስታችን አንዳችንም ኮምፒውተር በትምህርት ቤት አልተማርንም። አንዷ ሸማ ትነግዳለች፣ አንዷ ሻይ ቤት አላት፣ አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ያገዘን ትዕግሥትና ቅደም ተከተል ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከእናንተ ከማናችሁም አይጠፉም። ድሩን ያደራች፣ ሊጡን ያቦካች፣ ዕቁቡን በደብተር የያዘች ሴት ቅደም ተከተል ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ከሚመጣው ወር ጀምሮ ከወርኃዊ ስብሰባችን በኋላ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አውጥተን፣ እነዚህን ስድስት እርምጃዎች እያንዳንዷ አባል በገዛ እጇ እንድትሞክራቸው እናደርጋለን። መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የታመመ ላፕቶፕ ቤታችሁ ካለም አምጡት፤ በላዩ እንማርበታለን። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ብቻ አምጡት።